ሰርቨር ማዛወርና ማስመስከር

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን በላይ ጋይንትና በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ለሚጠብቁ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ለአለቆቻቸው የተዘጋጀ ነው። በወረዳው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት፣ በሆስፒታሉ፣ በጤና ጣቢያው፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ጥግ ላይ ሌት ተቀን የማይጠፋ ኮምፒውተር አለ። የሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ መዝገብ ያለው እሱ ላይ ነው። ሰርቨር የምንለው እሱን ነው። ዕድሜው ሲገፋ፣ ማራገቢያው ሲጮህ፣ ወይም አዲስ ዕቃ ተገዝቶ በሞዴል 19 ገቢ ሲሆን፣ በአሮጌው ላይ ያለውን ሥራ ወደ አዲሱ ማዛወር ግድ ይላል። የምንነጋገረው ስለዚህ ዝውውር ነው። እስክሪብቶና ወረቀት ያዙ፤ በጆሮ ብቻ ሰምተው የማይይዟቸው ቁጥሮች አሉ።

ሥራውን ብዙ ሰው ኮፒ አድርጎ እንደ መለጠፍ ያየዋል። ፋይሉ ከአሮጌው ወጣ፣ አዲሱ ላይ ገባ፣ ስክሪኑ ተከፈተ፤ አለቀ ይባላል። ጉዳቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ነው። የዓመቱ መዝጊያ ሪፖርት ሲወጣ ሂሳቡ አይገጥምም፤ የአምና ታካሚ ሲመጣ ካርዱ አይገኝም። ያኔ አሮጌው ማሽን ፎርማት ተደርጎ ለሌላ ክፍል ተሰጥቷል።

በዚህ ላይ የጋይንትን ሰው ማስተማር አይከብድም። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተ ልሔም እኮ እዚሁ ናት። የድጓ ተማሪ ትምህርቱን በቃሉ ብቻ አይዝም፤ ድጓውን ከነምልክቱ ይጽፈዋል። ምልክቶቹ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደ ተዘጋጁ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ከቃሉ በላይ የተቀመጠች አንዲት ትንሽ ምልክት ከቦታዋ ከተዛነፈች ዜማው ሌላ ይሆናል። ስለዚህ የትም ቢማር፣ ስንት ዓመት ቢቀመጥ፣ ተማሪው ቤተ ልሔም ሄዶ በመምህሩ ፊት ያስመሰክራል። ገልብጦ መጻፍ አንድ ሥራ ነው፤ ማስመስከር ሌላ ሥራ ነው። ሰርቨር በማዛወር ሥራ የሚጎድለን ይህ ሁለተኛው ነው፤ የዛሬው ዝግጅታችንም የሚያተኩረው በእሱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሰርቨሩ ላይ ምን እንዳለ እንለይ። ሦስት ነገር አለ። አንደኛው ሶፍትዌሩ ራሱ ነው። በጤናው ዘርፍ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በአገር ደረጃ የሚሠራበት ዲኤችአይኤስ ቱ፣ በመድኃኒት ክፍሎች ክምችት የሚያዝበት ዳጉ፣ በወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች በጀትና ወጪ የሚመዘገብበት አይቤክስ፣ በቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ዝርዝር የሚያዝበት ኮሃ፣ እነዚህ ሶፍትዌሮች ናቸው። ሁለተኛው ዳታቤዙ ነው፤ በየቀኑ የተጻፈው ነገር ሁሉ የሚቀመጥበት። ሦስተኛው ከሁለቱ ውጭ የተበተነው ነው፦ የተያያዙ ሰነዶችና ፎቶዎች የሚቀመጡበት ፎልደር፣ ሶፍትዌሩ ዳታቤዙን የሚያገኝበት የማስተካከያ ፋይል፣ የይለፍ ቃሎች፣ በየሌሊቱ ባክአፕ የሚወስደው ትእዛዝ፣ የማሽኑ አድራሻ።

ከሦስቱ ዋጋው የሚያንሰው ሶፍትዌሩ ነው። እሱ ከምንጩ እንደገና ይገኛል። ስለዚህ ከአሮጌው ማሽን አትገልብጡት፤ በአዲሱ ላይ ከመነሻው ጫኑት። ግን የእትሙ ቁጥር ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን። አሮጌው የሚሠራው በየትኛው እትም ነው? አዲሱም በዚያው ይጀምር። «አዲስ ማሽን ካመጣን አዲሱን እትም እንጫን» የሚል ሐሳብ ሁልጊዜ ይመጣል፤ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ማሽንም እትምም በአንድ ቀን ከተቀየረ፣ ስሕተት ሲገኝ ከየት እንደ መጣ ማንም ሊለየው አይችልም። መጀመሪያ እንዳለ ይዛወር፣ ይመስከር፣ ጥቂት ሳምንት ይሥራ፤ ማሻሻሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የመጫኛ ፋይሎቹን ከመነሻው በእጃችሁ አድርጉ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደ ነበር ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በመሐል «ከኢንተርኔት አወርዳለሁ» ብሎ የጀመረ ሰው ግማሽ ላይ ይቆማል። ሊኑክሱም፣ ዳታቤዙም፣ ጃቫውም፣ የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨርም ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር ተወርዶ፣ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተሞክሮ ይምጣ።

አሁን ወደ ዳታቤዙ እንሂድ። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ዳታቤዝ እየሠራ ሳለ ፎልደሩን ኮፒ ማድረግ አይገባም። ኮምፒውተሩ አይከለክልም፤ ኮፒው ይሠራል፤ የተገኘው ነገር ግን አይታመንም። ምክንያቱም ዳታቤዝ የሚጽፈውን በሙሉ ወዲያው ዲስክ ላይ አያወርድም፤ ከፊሉን ማስታወሻው ውስጥ ይዞ ይቆያል። እናንተ የመጀመሪያውን ፋይል ገልብጣችሁ ወደ መጨረሻው እስክትደርሱ መዝጋቢዋ ሃያ ታካሚ አስገብታለች። የመጀመሪያው ፋይል የጠዋቱን፣ የመጨረሻው የረፋዱን ይዟል፤ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም።

ትክክለኛው መንገድ ዳታቤዙ ራሱ ይዘቱን አንብቦ በአንድ ፋይል እንዲያወጣው ማድረግ ነው። በፖስትግሬስ ትእዛዙ ፒጂ ዳምፕ ይባላል፤ በማይኤስኪውኤል ማይኤስኪውኤል ዳምፕ ይባላል፤ በማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ባክአፕ የሚለው ትእዛዝ ነው። የዳታቤዙን እትም መለወጥ ግድ ከሆነም ይህ መንገድ ሌላ ጥቅም አለው። ፖስትግሬስ በዋና ዋና እትሞቹ መካከል የዲስኩ አቀማመጥ ይለያያል፤ የእትም 10 ፎልደር በእትም 14 አይከፈትም። በዳምፕ የወጣው ፋይል ግን በአዲሱ እትም ላይ ይነበባል። ሊኑክሱም ከአሮጌ ወደ አዲስ ሲለወጥ የፊደል ቅደም ተከተል አወሳሰኑ ሊለወጥ ይችላል። ፎልደሩን እንዳለ የገለበጠ ሰው ማውጫው በአሮጌው ቅደም ተከተል ተደርድሮ ይቀርበታል። ያኔ መዝገቡ እያለ ፍለጋው አያገኘውም። ዳምፕ ማውጫውን በአዲሱ ማሽን ላይ ከመነሻው ስለሚያሠራ ከዚህ ያድናል።

ሦስተኛውን፣ የተበተነውን፣ በዝርዝር ካልጻፋችሁት ይረሳል። በዲኤችአይኤስ ቱ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ የምስጠራ ቁልፍ የሚባል የይለፍ ቃል አለ። ዳታቤዙን በሙሉ አድናችሁ ቁልፉን ከረሳችሁ፣ ተመስጥረው የተቀመጡት ነገሮች ለዘለዓለም እንደ ተቆለፉ ይቀራሉ። ዳታቤዙ ውስጥ አይፈለግም፤ ቁልፉ የለበትም። ስለዚህ ቁልፉ በወረቀት ተጽፎ፣ በፖስታ ታሽጎ፣ በመሥሪያ ቤቱ ካዝና ይቀመጥ።

የፋይል ባለቤትነትም እንዲሁ ያሳስታል። ሊኑክስ የፋይሉን ባለቤት የሚያውቀው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው። በአሮጌው ማሽን 112 ቁጥር የዳታቤዙ ተጠቃሚ ከነበረ፣ በአዲሱ 112 ቁጥር ለሌላ ሊሰጥ ይችላል። ፋይሉ ተዛውሯል፣ ቦታው ላይ አለ፣ ሶፍትዌሩ ግን እንዳያነበው ተከልክሏል። «ፋይሉ እያለ የለም ይለኛል» የሚል ባለሙያ መጀመሪያ ይህን ይመልከት።

ማጓጓዣውን በተመለከተ ሁለት ነገር ልበል። ብዙ ፍላሽ ከፋብሪካው ፋት 32 በሚባል አቀማመጥ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። በዚህ አቀማመጥ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይገባም፤ ፍላሹ 64 ጊጋ ቢሆንም አይገባም። የዳታቤዙ ፋይል ከዚያ ከበለጠ ፍላሹ በኤክስ ፋት ይዘጋጅ። ሁለተኛው፣ ገበያ ላይ 512 ጊጋ ተብሎ ተጽፎበት ውስጡ 16 ጊጋ ብቻ የሆነ ፍላሽ አለ። እየተቀበለ ይመስላል፤ ከ16 በላይ ያለውን ግን ይጥለዋል። አዲስ ፍላሽ እስከ አፉ ሞልታችሁ፣ መልሳችሁ አንብባችሁ ሳትፈትሹ የመሥሪያ ቤት መዝገብ አታሳፍሩበት።

አድማጮቻችን፣ ሰርቨር ስለ ማዛወር በውጭ አገር ሰዎች በተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ ብዙም የማይገኝ፣ የእኛን ፊደል የሚመለከት ጉዳይ አለ። እዚህ ላይ ቆም እላለሁ።

ፊደላችን በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሠንጠረዥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። በዛሬው የተለመደ አጻጻፍ፣ በዩቲኤፍ 8፣ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ማይኤስኪውኤል እ.ኤ.አ. በ2018 እትም 8 እስኪወጣ ድረስ ማንም ሌላ ነገር ካላዘዘው ዳታቤዝ የሚከፍተው ለላቲን ፊደል ብቻ ነበር። በእንዲህ ያለ ዳታቤዝ ውስጥ «አበበ» የሚል ስም ሲገባ ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል። ይህ የፎንት ችግር አይደለም። ፊደሉ ጠፍቷል፤ በምንም መንገድ አይመለስም። ስለዚህ አዲሱ ዳታቤዝ ሲከፈት፣ ገና ባዶ ሳለ፣ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አረጋግጡ። በማይኤስኪውኤል ሙሉ ስሙ ዩቲኤፍ 8 ኤምቢ 4 ነው። ከዚያ አንድ ስም ብቻ በአማርኛ ጻፉና መልሳችሁ አንብቡ።

የቆዩ ሰነዶችም አሉ። ዩኒኮድ ከመለመዱ በፊት በቪዥዋል ግእዝና በመሰሎቹ የተጻፉ ደብዳቤዎችና ዝርዝሮች በየቢሮው ሞልተዋል። በውስጣቸው ያለው የላቲን ኮድ ነው፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ ስላለ ነው። አዲሱ ማሽን ላይ ፎንቱ ከሌለ ሰነዱ የተበላሸ ይመስላል፤ ግን አልተበላሸም። እንዳትጥሉት። ፎንቱን ከአሮጌው ማሽን አብራችሁ አምጡ፤ ከዚያ ጊዜ ሲኖር ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ። ኒያላ በሚባለው ፎንት የተጻፈው ግን ብዙ ጊዜ ዩኒኮድ ነው፤ ዊንዶውስ 10 ኒያላን ከመነሻው ስለማይጭነው መልኩ ይለወጣል እንጂ ይዘቱ ደኅና ነው።

ፊደል ስናነሳ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ አሉ። ለኮምፒውተሩ እነዚህ ሁሉ የተለያዩ ናቸው። አንዷ መዝጋቢ «ፀሐይ» ብላ፣ ሌላዋ «ጸሀይ» ብላ ጽፋ ሊሆን ይችላል። በአሮጌው ማሽን አንዱን ሲጽፉ ሁለቱንም እንዲያወጣ ተደርጎ ከነበረ፣ ያ ማስተካከያ አዲሱ ላይም መኖሩን ፈትኑ። እናት ልጇን ታቅፋ መጥታ «ካርድሽ የለም» እንዳትባል ነው።

ሰዓቱም አገራዊ ጉዳይ አለበት። አዲስ ሰርቨር ብዙ ጊዜ በግሪንዊች ሰዓት ተሞልቶ ይመጣል፤ የእኛ ከዚያ 3 ሰዓት ይቀድማል። ሳይስተካከል ከቀረ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚጽፈው ቀን የትናንቱ ይሆናል። ማዋለጃ ክፍል ደግሞ ሌሊት አይዘጋም።

ስለ ዕቃው ራሱ ላንሳ። የላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። ይህ ለኮምፒውተር ቀላል ነገር አይደለም። የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ የሚያነበው ጫፍ ዲስኩን አይነካውም፤ በቀጭን የአየር ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ንጣፉም ይሳሳል። ለዚህ ነው አብዛኞቹ ፋብሪካዎች በዝርዝራቸው ላይ እየሠራ የሚችለው ከፍታ 3,048 ሜትር ነው ብለው የሚጽፉት፤ 10,000 ጫማ ማለት ነው። ላይ ጋይንት ላይ ያለ መሥሪያ ቤት ከዚህ ድንበር ጋር አንገት ለአንገት ነው። በግዥ ዝርዝራችሁ ላይ ኤስኤስዲ ብላችሁ ጻፉ። እሱ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ አየርም አይፈልግም። ነገር ግን ያለ ኃይል መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ለሚቀመጥ ባክአፕ ኤስኤስዲ አይሆንም፤ ኃይል ሳያገኝ ሲቆይ የያዘውን ሊለቅ ይችላል። ለዚያ የተለመደው ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ተቀምጦ ሳይሠራ ከፍታው አይጎዳውም።

የሳሳ አየር ሙቀትንም በደንብ አይወስድም። ብዙ ሰርቨሮች እስከ 35 ዲግሪ ይሠራሉ ተብሎ ይጻፍላቸዋል፤ ይህ ግን እስከ 950 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ከዚያ በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። በ3,000 ሜትር ላይ ስናሰላው ወደ 28 ዲግሪ ይወርዳል። አገሩ ብርድ ነው ብላችሁ ሰርቨሩን በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አትቆልፉት። በስማዳ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው ቆላ ላለ ጤና ጣቢያ ደግሞ ሙቀቱና አቧራው ራሱ በቂ ጠላት ነው።

ማሽኑ ሲጓዝ ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በንፋስ መውጫ ወደ ወልድያ የሚያልፈው ዋናው መንገድ ይሻላል፤ ወደ ወገዳና ወደ አርብ ገበያ የሚገባው ግን ያናውጣል። የሚሽከረከሩ ዲስኮች ከማሽኑ ወጥተው፣ በየትኛው ቦታ እንደ ነበሩ ቁጥር ተለጥፎባቸው፣ በስፖንጅ ተጠቅልለው በሰው እጅ ይጓዙ። ማታ በብርድ የደረሰ ማሽን ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ውስጡ ጤዛ ይይዛል፤ ወዲያው አታብሩት፣ እስከ ጠዋት ይደር።

የዝውውሩን ቀን መምረጥ የአለቃው ሥራ ነው። የጤናው ወርሃዊ ሪፖርት የሚዘጋው ወሩ በገባ በ20 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የሪፖርት ማስገቢያ ስለሆኑ አትንኩ። ገንዘብ ጽሕፈት ቤት በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ አይነካም፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ቅዳሜና እሑድ ይመረጣል፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ ይኑረው፣ የዩፒኤሱ ባትሪ አስቀድሞ ይፈተሽ።

አሁን ማስመስከሩ ላይ ደረስን።

የመጀመሪያው ምስክር ፋይሉ ነው። ከአሮጌው የወጣው ፋይል ወደ አዲሱ ሲደርስ አንዲት ፊደል እንኳ አለመዛነፏን የሚያሳይ ሻ 256 የሚባል ስሌት አለ። ትእዛዙ ሊኑክስ ላይ ከመነሻው አለ፤ ዊንዶውስም አለው። ፋይሉን በሙሉ አንብቦ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው አንድ መስመር ይሰጣል። በአሮጌው የወጣውና በአዲሱ የወጣው መስመር አንድ ከሆነ ጉዞው ሰላም ነበር። አንድ ፊደል ከተለየ ፋይሉ ይጣልና እንደገና ይወሰድ።

ሁለተኛው ምስክር ቁጥር ነው። በአሮጌው ዳታቤዝ በየሠንጠረዡ ስንት መስመር አለ? በአዲሱስ? ጎን ለጎን ይጻፍ። እዚህ ላይ አንድም ልዩነት በ«ትንሽ ነው» አይታለፍም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ እሱን የሚሠራው የአይሲቲ ባለሙያው አይደለም። ሂሳቡን የሚያውቀው የሂሳብ ሠራተኛው ነው፤ ካርዱን የምታውቀው መዝጋቢዋ ናት። የዳታቤዙ መስመር ቢገጥምም የሪፖርቱ ስሌት ሊዛነፍ ይችላል፤ ይህን የሚያየው በየቀኑ የሚሠራበት ዓይን ብቻ ነው። በገንዘብ ጽሕፈት ቤት የሂሳብ ሚዛኑ ከአሮጌውም ከአዲሱም ይታተምና እስከ ሳንቲሙ ይነጻጸር። በመድኃኒት ክፍል የጥቂት መድኃኒቶች ቀሪና የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ከሁለቱም ይውጣ፤ ከዚያ መደርደሪያው ላይ ይቆጠር። በጤና መረጃ ክፍል ያለፈ አንድ ወር ሪፖርት እንደገና ይውጣና ያኔ ከተላከው ጋር ይገጥም። መዝጋቢዋ የራሷን ሰዎች ትፈልግ፤ ስሙ በፀ የተጻፈውን፣ በጸ የተጻፈውን፣ የአባት ስሙ ረጅም የሆነውን፣ የዛሬ አምስት ዓመት የመጣውን። ከዚያ አዲስ ካርድ ትክፈት፣ ታትመው፣ ትፈልገው፣ ታግኘው። ሲገጥም እያንዳንዱ በሠራበት ላይ ይፈርም። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተምም ይደረግበት።

የቀረው ማሽኑን ራሱን መፈተን ነው። አጥፉትና አብሩት። ማንም ሳይነካው ሥራውን በራሱ ይጀምራል? መብራት በሚጠፋበትና በሚመጣበት አገር ይህ ቅንጦት አይደለም። ባለሙያው ለስብሰባ ደብረ ታቦር በሄደበት ቀን መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ሰርቨሩ ሰው እየጠበቀ ቁጭ ካለ መሥሪያ ቤቱ ይቆማል። በመጨረሻም አዲሱ ማሽን የራሱን ባክአፕ ይውሰድ፤ ያ ባክአፕ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈት። ያልተከፈተ ባክአፕ ገና አልተመሰከረለትም።

ሁሉ ሲገጥም የአድራሻ ዝውውር ይደረጋል። በየጠረጴዛው ያሉት ኮምፒውተሮች ሰርቨሩን የሚያገኙት በቁጥር አድራሻው ነው። አዲሱ የአሮጌውን አድራሻ እንዲወርስ ማድረግ ይቀላል፤ ግን ሁለቱ በአንድ አድራሻ አብረው ከበሩ ግማሹ ሠራተኛ አንዱ ላይ፣ ግማሹ ሌላው ላይ ይጽፋል። ከዚህ የሚከፋ ነገር በዚህ ሥራ ውስጥ አላውቅም። ሁለት መዝገብ፣ ሁለቱም ግማሽ፣ ሁለቱም እውነት። ስለዚህ አድራሻው ከመዛወሩ በፊት አሮጌው ለንባብ ብቻ ይደረግ፤ የመጨረሻው ዳምፕ ከዚያ በኋላ ይወሰድ፤ አዲሱ አድራሻውን ሲይዝ የአሮጌው የኔትወርክ ኬብል ይነቀል።

አሮጌው ማሽን ሳይዛወር የሞተባችሁ አድማጮችም ትኖራላችሁ። ዲስኩ የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ደጋግማችሁ አታብሩት፤ እያንዳንዱ ማብራት ያለውን ይቀንሳል። ዲስኩን አውጥታችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ በማንበብ ብቻ፣ ምንም ሳትጽፉበት፣ ሙሉ ምስሉን ውሰዱ። ዲዲ ሬስኪው የሚባለው የሊኑክስ መሣሪያ ለዚህ የተሠራ ነው፤ ደኅናውን ክፍል መጀመሪያ ያወጣል፣ ወደ ተጎዳው ኋላ ይመለሳል። ዲስኮቹ ብዙ ሆነው በሬይድ ካርድ የተሳሰሩ ከሆነ ቅደም ተከተላቸውን ሳትጽፉ አንድም አታውጡ፤ ካርዱንም አትጣሉ፣ ያለ እሱ ወይም ያለ ዓይነቱ ላይነበቡ ይችላሉ። ሬይድ አለን ብሎ ባክአፕ የተወ መሥሪያ ቤት ካለ ዛሬውኑ ይጀምር። ሬይድ ዲስክ ሲሞት ያድናል፤ ሰው በስሕተት ሲሰርዝ፣ ቫይረስ ሲቆልፍ፣ ማሽኑ ሲሰረቅ አያድንም።

አሮጌው ሰርቨር ሥራው በአዲሱ ከተተካ በኋላ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሪፖርት ጊዜ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ለጤና ተቋም ሦስት ወር፣ ለገንዘብ ጽሕፈት ቤት የበጀት ዓመቱ መዝጊያ እስኪያልፍ። ከዚያ ወደ ንብረት ክፍል ሲመለስ ወይም ለጨረታ ሲቀርብ ዲስኩን ይዞ እንዳይሄድ። በውስጡ የታካሚ ስም፣ የበሽታ ዓይነት፣ የሠራተኛ ደመወዝ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን መጠበቅ የያዘው መሥሪያ ቤት ግዴታ አድርጎታል። ተራ ፎርማት አይሰርዝም፤ ማውጫውን ብቻ ያነሣል፣ ይዘቱን ማንም ባለሙያ መልሶ ያወጣዋል። የሚሽከረከረው ዲስክ ከዳር እስከ ዳር በሌላ ነገር ይጻፍበት፤ ኤስኤስዲው በራሱ የማጥፊያ ትእዛዝ ይጽዳ፤ የማይሠራው ይሰበር። ዲስክ የመንግሥት ንብረት ነውና ማን በየትኛው ቀን አጠፋው የሚል ቃለ ጉባኤ በኮሚቴ ይፈረም፤ የዲስኩም መለያ ቁጥር ይጻፍበት፣ ከንብረቱ ፋይል ጋርም ይያያዝ።

አድማጮቻችን፣ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ዩፒኤስ ባትሪ አያያዝ እንነጋገራለን።